ዶክተር ሶስና የፈሩት እንቅልፍ

ቤዛ ደውላ «አክስቴ ሶስና አረፈች» ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ልቅሶ አልነበረም። «ኦፕራሲዮን ገብተው ነው?» አልኳት። ሌላ ሰው ቢሆን ግራ በገባው ነበር። ቤዛ ግን ምን ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ገባት። አይደለም አለችኝ። ደብረ ብርሃን፣ እቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ነው። ልባቸውን ታመው ከርመው ነበር፤ ጠዋት ቁርስ ይዛ ስትገባ አልፈዋል። ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባለው ቢሯችን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እንደቆምኩ፣ ከሐዘኑ በፊት እፎይታ መጣብኝ። ማንም አላደነዘዛቸውም። ማንም አፍና አፍንጫቸው ላይ ጭንብል አልደፋም። እንዲህ ማሰቤ አሳፈረኝ፤ ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዶክተር ሶስና የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ከኢትዮጵያ በጭነት መኪና የሚመጡት በጎች፣ በሬዎችና ግመሎች በመርከብ ወደ ዓረብ አገር ከመሻገራቸው በፊት ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ማቆያ ይሰነብታሉ። እዚያ ደማቸውን መርምረው «ጤነኛ ነው፣ ይሂድ» ብለው የሚፈርሙት እሳቸው ነበሩ። እኔ ትራንዚት ቢሮ ስለምሠራ የፈረሙት ሁሉ በእጄ ያልፋል። ስለዚህ ከመልካቸው በፊት ፊርማቸውን አውቀው ነበር። በኋላ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር እኔ የተከራየሁበት ግቢ ሲገቡ ጎረቤት ሆንን። በሮቻችን ፊት ለፊት ናቸው።

ያኔ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ሚኒባስ ሊያመልጣቸው ሲል እንኳ አይሮጡም፤ ያመልጣቸዋል፣ ሌላ ይጠብቃሉ። እያወሩ ሳለ ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ ያሳርፋሉ። መጀመሪያ ልማድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የልብ ምታቸውን እያዳመጡ ነው። ሰኔ ገብቶ ያ ትኩስ የበረሃ ነፋስ፣ የአገሩ ሰው ኻምሲን የሚለው፣ ከተማውን ማንደድ ሲጀምር ደግሞ ከሥራ ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ይቀመጡና ባታቸውን በመዳፋቸው ይጫናሉ። ይጫኑና ይጠብቃሉ። ጡንቻው መላላቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው ተነስተው ወደ ቤት የሚገቡት።

አንድ ቀን ለሥራ ጉዳይ ማቆያው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። በሬዎች ከመኪና እየወረዱ ነበር። ሠራተኞቹ ይጮኻሉ፣ በዱላ ይነርታሉ። ዶክተር ሶስና ቀስ ብለው መሀል ገቡና በተሰባበረ ሶማልኛ «አትጩኹባቸው፤ ፍርሃት ሥጋ ውስጥ ይገባል» አሏቸው። ሰዎቹ ሳቁ። ግን ዱላቸውን አወረዱ፤ ይህን እንደሚሉ ያውቃሉ ማለት ነው።

ስንመለስ ፒክአፑን እሳቸው ይነዱ ነበር። ፔካ 12 የሚሉት የከተማው መግቢያ ላይ መንገዱ በኢትዮጵያ መኪኖች ተዘግቶ ቆምን። ፍርሃት ሥጋ ውስጥ ይገባል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በደርግ ጊዜ ቼኮዝሎቫኪያ ተልከው ሲማሩ አንድ እርባታ ውስጥ ይለማመዱ እንደነበር ነገሩኝ። «እነዚያ እንስሳት» እያሉ ያወራሉ እንጂ ስማቸውን አይጠሩም። ምን ዓይነት እንስሳት ናቸው ብዬ ስጠይቅ ከሁለታችን በቀር ሰው እንደሌለ እያወቁ ዙሪያቸውን አዩ። «አሳማ» አሉኝ፣ በሹክሹክታ።

ከአሳማዎቹ መሀል አንዳንዶቹ ሥጋቸው የሞላ፣ የሚያምሩ ናቸው አሉ። ግን በፍርሃት ይሞታሉ። መኪና ላይ ሲጫኑ ወይም እርስ በርስ ሲጣሉ ድንገት ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ እግራቸው ይገተራል፣ ቆዳቸው ይዥጎረጎራል፣ ሰውነታቸው እንደ እሳት ይግላል፣ ይወድቃሉ። ስለዚህ ገና ግልገል ሳሉ ይፈተናሉ። ለሰው ቀዶ ሕክምና የሚሰጠውን የማደንዘዣ ጋዝ በጭንብል ያስምጓቸዋል። ጤነኛው ይተኛል። የታመመው ግን ከመተኛት ይልቅ የኋላ እግሮቹ እንደ እንጨት ይደርቃሉ። ቶሎ ጭንብሉ ከተነሳለት ይተርፋል። ጭንብሉን የሚይዙት ተማሪዋ ሶስና ነበሩ።

«ጡንቻ ውስጥ የካልሲየም ጎተራ አለ» አሉኝ። «መንቀሳቀስ ስንፈልግ በሩ ይከፈታል፣ ካልሲየሙ ይወጣል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ከዚያ በሩ ይዘጋል፣ የወጣው ተመልሶ ይገባል፣ ጡንቻው ያርፋል። የእነዚያ በር ግን ከዘር የመጣ ጉድለት አለበት። ጋዙ ሲነካው ይከፈትና አልዘጋም ይላል። ጡንቻው ዕረፍት ያጣል። ከውስጥ ነው የሚቃጠሉት።»

ከፊታችን ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ከኋላችን ጡሩንባ ተነፋ። «ሰውም ላይ አለ» አሉኝና ነዱ።

ስለ ወንድማቸው የነገሩኝ እዚያው መንገድ ላይ ነው። ደረጀ ይባላል፣ ታናሻቸው ነው። ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ገባ። አጥንቱን ለመግጠም በጋዝ አደነዘዙት። ዶክተር ሶስና ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ነርሶች ሲሯሯጡ አዩ። ተከልክለው አልመለስ ብለው ገቡ። ጭኑን ዳሰሱት፤ ጠረጴዛ ነው የሚመስለው። መዳፋቸውን አቃጠላቸው። መንጋጋው ተቆልፏል። ሐኪሞቹ ልቡ ነው፣ ኢንፌክሽን ነው ይባባላሉ። ሁሉም የሚችሉትን ያደርጉ ነበር፤ ከፊታቸው ያለውን ነገር ግን አይተውት አያውቁም። እሳቸው አይተውታል። በእጃቸው ያውቁታል። እስኪናገሩ ድረስ ደረጀ ሞተ።

«በሽታው በዘር ነው የሚሄደው» አሉኝ። «እኔም ላይ ይኖራል፣ አይኖርም፣ አላውቅም። የሚመረመረው ከጡንቻ ተቆርጦ ነው፤ ያን የሚሠራ እኛ አገር የለም፣ እዚህም የለም። ስለዚህ እንዳለብኝ አድርጌ ነው የምኖረው።»

ከዚያ ሰንበትበት ብለው አንድ ከሰዓት በሬን አንኳኩ። የመጡት የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር ሊያስጠኑኝ ነው። እሳቸው ፈረንሳይኛ ያውቃሉ፤ ግን ታማሚ ሰው ቋንቋው ይጠፋበታል፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከአንቺ ሌላ የለኝም አሉኝ። ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነበር፦ የዚህች ሴት የእናት ልጅ በማደንዘዣ ጋዝ ሞቷል፤ ጋዝ አትስጧት፣ እንደ ጋዙ ይህንኑ የሚቀሰቅሰውን ጡንቻ የሚያላላ መርፌም አትውጓት። የመርፌውን ስም ምላሴ እስኪለምደው ድረስ አስደጋገሙኝ። ከዚያ ወዲያ ገበያ መሀል ሽንኩርት እየመረጥኩ «እስቲ በይው» ይሉኛል። እላለሁ። ነጋዴዋ ታየናለች። እሳቸው ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ያዳምጡኛል።

እኔም ፈሪ ሆንኩ። ክሊኒክ በር ላይ ሳልፍ እግሬ ይፈጥናል። ቢሮ ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩ ከንፈሬ ላይ ይመጣል። አንድ ቃል ብረሳስ፣ ባላገኛቸውስ፣ የሚሰማኝ ባጣስ እያልኩ እጨነቃለሁ። አንዳንዴ ይህን ሸክም የጫኑብኝ ለምንድን ነው ብዬ እቆጣቸው ነበር፣ በሆዴ።

ቀኑ ሐምሌ ውስጥ መጣ። ለምሳ ወደ ቤት ስመለስ ዶክተር ሶስናን ከሥራ ቀርተው በራቸው ደፍ ላይ ተጣጥፈው አገኘኋቸው። ሆዳቸውን በቀኝ በኩል ይዘዋል። ያተኩሳቸዋል። ትኩሳታቸውን ስነካ ያ ነገር ያለ ማደንዘዣ የመጣባቸው መሰለኝ። «እሱ አይደለም» አሉኝ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ትርፍ አንጀት ነው።»

በታክሲ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ቀዶ ሐኪሙ ሆዳቸውን ጫን ብሎ አየና ሊፈነዳ ነው፣ ምናልባትም ፈንድቷል፣ አሁኑኑ መከፈት አለበት አለ። አልጋውን መግፋት ጀመሩ። ዶክተር ሶስና እየተንቀጠቀጡ ያስመልሳቸዋል፤ አማርኛቸው እንኳ ተደበላልቋል። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። የአልጋውን ብረት ይዤ አስቆምኩና ዓረፍተ ነገሩን ተናገርኩ። ቃላቱ አልከዱኝም።

የማደንዘዣ ሐኪሙ ተጠራ። ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ እርጋታ ያለው ጅቡቲያዊ ነው። ተመርምረዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልተመረመሩም አልኩ። ወንድማቸው በዚህ በሽታ እንደሞተ የተናገረው የትኛው ሐኪም ነው? ማንም አልተናገረም አልኩ። ታዲያ እሳቸው በምን አወቁ? ዶክተር ሶስናን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑና ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

«ከአሳማ ነው ያወቁት» አልኩት።

ጉሉኮስ ልትሰቅል እጇን ያነሳችው ነርስ እጇ በአየር ላይ ቀረ። ቀዶ ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። እብድ ናት ብለው እኔን ወደ ውጭ፣ እሳቸውን ወደ ውስጥ ሲወስዱን በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። የማደንዘዣው ሐኪም ግን ወደ አልጋው ቀረበና ዝቅ ብሎ የዶክተር ሶስናን ፊት አየ። ስለዚህ ነገር ተማሪ ሳለ እንዳነበበ ነገረን፤ እዚያም የአሳማዎቹ ታሪክ ነበረበት። በሥራ ዘመኑ ሁሉ እንዳይገጥመው የሚጸልይበት ነገር ይህ ነው። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሮ የጋዙን ማሽን ከክፍሉ እንድታወጣ አዘዛት።

ዕቅዱን ፈጠን ብሎ አስረዳኝ። ከደረታቸው በታች ብቻ በጀርባ መርፌ ያደነዝዛቸዋል፤ ነቅተው ነው የሚቀደዱት። ያ ካልበቃ ጋዝ የሌለበት የእንቅልፍ መርፌ አለው። ነገሩ ከተነሳ ግን የሚያቆመው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ከተማው ውስጥ የለም። «በረዶ አምጪልኝ» አለኝ። «የምታገኚውን ያህል።»

ውጭ ስወጣ ኻምሲኑ ፊቴን ገረፈኝ። በጅቡቲ ቀትር ካለፈ በኋላ ከተማው የጫት ነው። ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሰው ሁሉ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ጫት ይጠብቃል። ያገኘሁት ባለታክሲ መጀመሪያ ጫቴን ልያዝ አለኝ። ሶማልኛውንም ፈረንሳይኛውንም አደባልቄ ለመንኩት። ፊቴን በመስታወቱ አየና ምንም ሳይመልስልኝ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ነዳ።

በረዶ የሚሸጠው ሰውዬ በሩን እየዘጋ ነበር። የቀረህን ሁሉ ስጠኝ አልኩት። ትልልቁን ብሎክ በጆንያ እየጠቀለለ፣ እጁን ሳያቆም፣ «ሬሳው ያንቺ ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለነገሩ አዲስ አልነበረም፤ በዚያ ሙቀት አንድ ሰው በረዶ በብዛት ሲገዛ የሞተበት ነው ብሎ ነው የሚያስበው። እኔ ግን መሬቱ ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ። «አልሞቱም፣ በሕይወት ናቸው» አልኩት። ስናገረው እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ሰውዬው ጆንያውን ትቶ አየኝ። ከዚያ አንዱን ብሎክ ራሱ ተሸክሞ ታክሲው ውስጥ ጫነልኝ፤ ሌላውን ባለታክሲው ተሸከመ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ብሎኮቹን ኮሪደር ላይ በሳፋ አስቀመጥናቸው። ከተዘጋው በር ማዶ የሚሰማ ነገር የለም። ያወጡት የጋዝ ማሽን አጠገቤ ቆሟል። ቱቦው ተጠቅልሎ፣ ጥቁሩ ጭንብል ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ላየው አልቻልኩም፤ ዓይኔን ማንሳትም አልቻልኩም። ይህችን የምታክል ነገር ናት አንድ ወጣት ሰው ለኳስ ጨዋታ ወጥቶ እንዳይመለስ ያደረገችው እያልኩ አስባለሁ። በረዶው ይቀልጣል። ውሃው ከሳፋው ሞልቶ በወለሉ ላይ ወደ እግሬ ይመጣል።

በሩ በድንገት ተከፈተና ያቺ ነርስ ወጣች። አላየችኝም። መዶሻ ነገር አንስታ በረዶውን ሰባበረች፣ በጎድጓዳ ሳህን ሞላች፣ ሮጣ ገባች። ተነሳ ማለት ነው አልኩ። ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ፣ እርጥቡ ላይ ተቀመጥኩ። የምጸልየው ጠፍቶኝ ያንኑ የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር ደጋገምኩ። ነርሷ እንደገና ወጣች፤ እንደገና ሞልታ ገባች።

በመጨረሻ የማደንዘዣው ሐኪም ጭንብሉን ከአፉ እያወረደ ወጣ። ልብሱ ላብ በላብ ነው። እኔ ሳልነሳ እሱ ቁጢጥ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠና ሁሉም በደህና ማለቁን ነገረኝ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። ትኩሳታቸው በኢንፌክሽኑም፣ የክፍሉ ማቀዝቀዣ የውጪውን ሙቀት ስላልቻለውም እየጨመረ ሲሄድ እሱም ነገሩ የተነሳ መስሎት ደንግጧል። ስለዚህ በረዶውን ብብታቸው ውስጥና አንገታቸው ላይ አደረጉ፤ እሱ ደግሞ አንድ እጁን ከመንጋጋቸው ላይ አላነሳም። መንጋጋ ከተቆለፈ ነው የሚታወቀው። እንዳይቆለፍ ሳይሆን፣ ከተቆለፈ ወዲያው እንዲያውቅ አውሩኝ አላቸው። ቀዶ ሐኪሙ ሆዳቸውን ሲያጸዳ ዶክተር ሶስና በፈረንሳይኛ ስለ አሳማዎቹ ሲያጫውቱት ቆዩ። ይህን ሲነግረኝ ፈገግ አለ።

እዚህ ላይ ፍርሃታቸው ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ስጠይቃቸው ግን አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው አገኘኋቸው። ዳኑ እኮ አልኳቸው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ያሰቡት ስለ ቤዛ እንደነበር ነገሩኝ። ቤዛ የደረጀ ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት ጨቅላ ነበረች፣ አሁን ለማግባት እየተዘጋጀች ነው። በወሊድ ምክንያት አንድ ቀን ኦፕራሲዮን ልትገባ ትችላለች።

«እሷስ ዓረፍተ ነገሩን ታውቃለች?» አልኳቸው።

ጣታቸው ወደ አንገታቸው ሄደ።

«እናትዎስ?»

«ማንም አያውቅም» አሉኝ።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ለጎረቤት ያስጠኑትን ነገር ለገዛ ቤተሰባቸው አልተነፈሱም። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሊናገሩ ተነስተው ነበር። እናታቸው እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ነጭተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ለዚያች እናት፣ የእንስሳው ስም ሲጠራ እንኳ የምታማትብ ሴት፣ ልጅሽ የሞተው አሳማ በሚሞትበት ሞት ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል? ከሠልስቱ በኋላ እናገራለሁ አሉ። ከዚያ ከአርባው በኋላ። ከዚያ ዓመቱ መጣ፤ ይህን ያህል ጊዜ ለምን ደበቅሽን የሚለው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ሆነ። ጅቡቲ ሥራ ሲገኝ የመጡት ለደመወዙ አልነበረም። ከእነሱ ዓይን ለመራቅ ነው።

ቁስላቸው ሲሽር ለእናታቸው ሊነግሩ ተነሱ፤ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። ጣቢያው ውስጥ በእጃቸው ጣቶች አንገታቸውን ይዘው ተቀመጡ። በዚያ የኦፕራሲዮን ቀን እንኳ እንዲህ ፈዘው አላየኋቸውም። ከአዲስ አበባ በመኪና እናታቸው ወዳሉበት ደብረ ብርሃን ይቀጥላሉ። «ብመለስስ?» አሉኝ አንዴ። መግቢያው ሲከፈት ሻንጣቸውን አንስቼ ቀድሜ ስሄድ ተከተሉኝ።

ዶክተር ሶስና የደወሉልኝ እሑድ ከሰዓት ነበር። ደርሰው ቀናት ካለፉ በኋላ ነው የተናገሩት፤ በየጠዋቱ ዛሬ ይሉና ይተዉታል። በመጨረሻ እናታቸውን፣ የደረጀን ሚስትና ቤዛን አንድ ላይ አስቀምጠው ነገሯቸው። አሳማ የሚለውንም አልዘለሉትም። የደረጀ ሚስት ቃሉን ስትሰማ ተነስታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ አላናገረቻቸውም። ቤዛ «እኔስ አለብኝ?» ብላ ጠየቀች። አላውቅም፣ እንዳለብሽ አድርገሽ ኑሪ፣ የምትናገሪውን አስጠናሻለሁ አሏት።

እትዬ ዘነበች ግን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ልጃቸው ተሠቃይቶ እንደሆነ ጠየቁ። አልተሠቃየም፣ ተኝቶ ነበር፣ ምንም አላወቀም አሏቸው ዶክተር ሶስና። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የዶክተር ሶስናን ጣቶች ከአንገታቸው ላይ አነሱና በሁለት መዳፋቸው መሀል ያዟቸው።

«ታዲያ ልጄ» አሏቸው፣ «አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት ለብቻሽ ነው የፈራሽው?»

ዶክተር ሶስና ይህን ሲነግሩኝ መቀጠል አልቻሉም። ግቢያችን ውስጥ፣ በተዘጋው በራቸው ፊት ለፊት ቆሜ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ልቅሷቸውን እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።